ሸክላውና የብረቱ ዱቄት
የደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ክሪስታሎች አሠራርና የማግኔት ጠባያቸው በታሪክ ሲታይ

መግቢያ

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ሁሉ አንድ ሙከራ ሳያይ አይቀርም። መምህሩ ማግኔት ከወረቀት ሥር ያኖርና የብረት ብናኝ ከላይ ይነሰንሳል፤ ብናኙም ትእዛዝ እንደ ሰማ ወታደር ይሰለፋል። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ይህን አይተን ነበር። መምህራችንም ማግኔት ለሁለት ቢሰበር ሁለት ማግኔት፥ ለአራት ቢሰበር አራት ማግኔት እንደሚሆን ነገሩን። የተነገረን እውነት ነው። ይሁን እንጂ ይህ መሰባበር እስከ የት ድረስ ሊቀጥል እንደሚችል ከመካከላችን የጠየቀ አልነበረም።

ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይምሰል እንጂ የፊዚክስ ሊቃውንትን ከ1930 ጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል፥ የኬሚስትሪ ጠበብትን ደግሞ እስከ 2004 ድረስ ያደከመ ነው። መልሱም ያልተጠበቀ ሆኖ ተገኘ። የማግኔት ድንጋይ እየደቀቀ ሲሄድ በመጀመሪያ ጠባዩ ይጠነክራል፤ ከዚያ ካለፈ ግን ማግኔትነቱን ማስታወስ ይሳነዋል። ይህ ለውጥ የሚደርሰው በናኖሜትር በሚለካ ስፋት ላይ ነው። ናኖሜትር ማለት የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ክፍል ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው የዚህን ዕውቀት ታሪክ ነው። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የቲዎሪ ሊቃውንት ድል ሆኖ ነው። እኛ ግን መዛግብቱን ስንመለከት ታሪኩ የሁለት እጆች ሥራ መሆኑን እናያለን፤ አንደኛው የሚያሰላ እጅ፥ ሁለተኛው የሚሠራ እጅ ነው። የሚያሰላው ብዙ ጊዜ ቀድሞ ሄዶ የሚሠራውን ቆሞ ጠብቆታል። አንዳንድ ጊዜም ሠሪው ቀድሞ ሄዶ አስሊው ተከትሎታል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውል እናሳስባለን።

፩. ድንጋዩና ስሌቱ

ከብረት ኦክሳይዶች መካከል ከጥንት ጀምሮ በማግኔትነቱ የታወቀው ማግኔታይት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ነው። ሦስት የብረት አቶሞችንና አራት የኦክሲጅን አቶሞችን የያዘ ሲሆን፥ ከሦስቱ የብረት አቶሞች አንዱ ባለ ሁለት ቫሌንስ፥ ሁለቱ ባለ ሦስት ቫሌንስ ናቸው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ጊልበርት በ1600 ለንደን ላይ ባሳተመው መጽሐፍ ከዚህ ድንጋይ ክብ ኳስ አስቀርጾ መረመረና መሬት ራሷ ታላቅ ማግኔት ናት ሲል ደመደመ። ፈረንሳዊው ፒየር ኩሪ ደግሞ በ1895 ሙቀት ማግኔትነትን እንዴት እንደሚያጠፋ በጥንቃቄ ለካ። ከዚህም የተነሣ ማግኔትነት የሚጠፋበት የሙቀት ደረጃ እስከ ዛሬ በኩሪ ስም ይጠራል። ደረጃው ለብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፥ ለማግኔታይት 580 ዲግሪ ያህል ነው።

በ1915 በእንግሊዝ አገር ዊሊያም ሄንሪ ብራግ፥ በጃፓን ደግሞ ኒሺካዋ፥ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳይጠብቅ፥ ማግኔታይት የሚገኝበትን የስፒኔል ክሪስታል አሠራር በኤክስ ሬይ ገለጹ። በዚህ አሠራር የብረት አቶሞች የሚቀመጡት በሁለት ዓይነት ስፍራ ነው። አንደኛው በአራት ኦክሲጅን፥ ሁለተኛው በስድስት ኦክሲጅን የተከበበ ነው። ይህ ልዩነት ምን ያህል ከባድ ጕዳይ እንደ ሆነ የተገለጠው ግን ከሠላሳ ሦስት ዓመት በኋላ ነው።

በዚህ መካከል ሠሪዎቹ ቀደሙ። የራዲዮ ሥራ እየሰፋ ሲሄድ በብረት ላይ አንድ ችግር ተገኘ። ብረት ኤሌክትሪክ ስለሚያሳልፍ፥ ፈጥኖ በሚለዋወጥ ኃይል ውስጥ ሲገባ በውስጡ የኤሌክትሪክ ጅረት እየዞረ ያሞቀዋል፤ ጕልበቱንም ያባክናል። ኦክሳይድ ግን ኤሌክትሪክን በቀላሉ አያሳልፍም። ስለዚህ በ1909 ሂልፐርት የተባለ መርማሪ በበርሊን ብረትን ከሌሎች ብረት ነክ ንጥረ ነገሮች ጋራ በማዋሐድ ፌራይት የሚባሉትን ኦክሳይዶች ለራዲዮ ሥራ ለማዋል ሞከረ። በ1930 ደግሞ በቶኪዮ የቴክኖሎጂ ተቋም ካቶ ዮጎሮና ታኬይ ታኬሺ ፌራይትን ለጥቅም በሚበቃ አኳኋን ሠሩ። ቲዲኬ የተባለው ኩባንያም በ1935 የተቋቋመው ይህንኑ ግኝት ወደ ፋብሪካ ለማግባት ነበር። በሆላንድ አገር በአይንድሆቨን ከተማ በፊሊፕስ ቤተ ሙከራ ስኑክ የተባለው መርማሪ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የማንጋኒዝና የዚንክ፥ የኒኬልና የዚንክ ፌራይቶችን አሻሻለ።

እነዚህ ሰዎች ሁሉ የሚሠሩትን ያውቁ ነበር፤ ለምን እንደሚሠራ ግን አላወቁም። ጭንቁ በአንድ ቀላል ስሌት ይታያል። ባለ ሦስት ቫሌንስ የሆነ የብረት አቶም የማግኔት ኃይሉ በቦር ማግኔቶን ሲለካ 5፥ ባለ ሁለት ቫሌንስ የሆነው 4 ነው። እንግዲህ ሦስቱ ቢደመሩ 5 ሲደመር 5 ሲደመር 4፥ ማለት 14 መሆን ነበረበት። ሲለካ የተገኘው ግን 4.1 ያህል ብቻ ነው። የቀረው ወዴት ሄደ?

መልሱን በ1948 የሰጠው ሉዊ ኔል ነው። ኔል በስትራስቡርግ ከፒየር ዋይስ ዘንድ የተማረ፥ አገሩ ፈረንሳይ በ1940 በተሸነፈች ጊዜ ወደ ግረኖብል ሄዶ በዚያ የቀረ ሊቅ ነው። እርሱ እንዳለው በሁለቱ ዓይነት ስፍራዎች ያሉት አቶሞች ተቃራኒ ሆነው ይቆማሉ። በአንደኛው ስፍራ 5 አለ፤ በሁለተኛው ስፍራ 5 እና 4 አሉ። 5 በ5 ሲጣፋ የሚተርፈው 4 ነው። ይህንንም ጠባይ ፌሪማግኔትነት ብሎ ጠራው። በ1951 ሸልና ጓደኞቹ በአሜሪካ በኦክ ሪጅ በኒውትሮን ጨረር መርምረው ነገሩ ኔል እንዳለው መሆኑን አረጋገጡ። ኔል በ1970 የኖቤልን ሽልማት ከአልፍቬን ጋራ ተካፍሏል።

፪. ግዛቶቹና ነጠላው ቅንጣት

ወደ መሰባበሩ ጥያቄ እንመለስ። አንድ የብረት ሚስማር አቶሞቹ ሁሉ ማግኔት ከሆኑ ስለ ምን ሌላ ሚስማር አይስብም? ዋይስ በ1907 እንዳስረዳው፥ በብረት ውስጥ ዶሜይን የሚባሉ ግዛቶች አሉ። በአንዱ ግዛት ውስጥ ያሉት አቶሞች ወደ አንድ አቅጣጫ ይመለከታሉ፤ ጐረቤቱ ግዛት ግን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዘነበለ ነው። ግዛቶቹ እርስ በርሳቸው ስለሚጣፉ ሚስማሩ ከውጭ ሲታይ ምንም ኃይል የሌለው ይመስላል። ማግኔት ማድረግ ማለትም የአንዱን ግዛት ወሰን በጐረቤቱ ላይ ማስፋት ነው።

ይህ ለብዙ ጊዜ በሐሳብ ብቻ የቆየ ነገር ነበር። ለዓይን የታየው በብረት ኦክሳይድ ዱቄት ነው። በ1931 አሜሪካዊው ፍራንሲስ ቢተር ደቃቅ የኦክሳይድ ዱቄት በፈሳሽ በጥብጦ በተወለወለ ብረት ላይ ቢያፈስስ፥ ዱቄቱ በግዛቶቹ ወሰን ላይ ተሰብስቦ እንደ ካርታ መሥመር ታየ። በ1938 ደግሞ ኤልሞር የሁለቱን ዓይነት የብረት ክሎራይድ በአልካሊ አዝቅጦ ከተፈጨው እጅግ የደቀቀ ማግኔታይት አገኘና መሥመሮቹ ጠርተው እንዲታዩ አደረገ። አንባቢ ይህን ልብ እንዲል እንወዳለን። ኤልሞር የዛሬውን ናኖክሪስታል በእጁ ይዞ ነበር፤ ነገር ግን ዱቄቱን የተጠቀመበት ሌላ ነገር ለማየት ነበር እንጂ ዱቄቱን ራሱን ለመመርመር አልነበረም።

ዱቄቱ ራሱ ጥያቄ የሆነው በቲዎሪ ሊቃውንት ዘንድ ነው። በ1930 ፍሬንከልና ዶርፍማን የተባሉ የሶቪየት ሊቃውንት እንዲህ ሲሉ አሰቡ፤ በሁለት ግዛቶች መካከል ወሰን ማቆም ዋጋ ያስከፍላል፤ ቅንጣቱ በጣም ትንሽ ከሆነ የወሰኑ ዋጋ ከጥቅሙ ይበልጣል፤ ስለዚህ ቅንጣቱ ሳይከፋፈል አንድ ግዛት ሆኖ ይቀራል። በ1946 ኪተል ይህን አስፍቶ አሰላ። በ1948 ደግሞ ስቶነርና ዎልፋርት እንዲህ ያለው ነጠላ ቅንጣት አቅጣጫውን ለመለወጥ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ አሳዩ። ወሰን የሌለው ቅንጣት የሚሰፋ ወሰን ስለሌለው መላ አካሉን ማዞር ግዴታ ይሆንበታል፤ ስለዚህም ግትር ነው። ለድምፅ መቅጃ ክር የሚቀባው የብረት ኦክሳይድ ዱቄት የተቀዳበትን ድምፅ ዓመታት የሚይዘው በዚህ ግትርነቱ ነው።

፫. ሸክላው

እስከዚህ ድረስ የተባለው መድቀቅ ያጠነክራል የሚለውን ነው። መድቀቅ እንደሚያስረሳ የታወቀው ግን በሌላ መንገድ ነው፤ ይኸውም በሸክላ በኩል ነው።

የሸክላ አፈር ብዙውን ጊዜ ጥቂት የብረት ኦክሳይድ አለበት። ሸክላው ሲተኰስ ሙቀቱ የቅንጣቶቹን ማግኔትነት ይፈታዋል፤ ሲቀዘቅዝ ግን ቅንጣቶቹ በዚያን ቀን መሬት የነበራትን የማግኔት አቅጣጫ ይዘው ይጸናሉ። አንድ ጀበና ከእሳት ወጥቶ ሲበርድ የዚያን ቀን ምስክርነት በሆዱ ጽፎ ይይዛል ማለት ነው። ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ ቅልጥ ድንጋይም እንዲሁ ነው። ፈረንሳዊው በርናር ብሩን በ1906 በአገሩ አንድ ቅልጥ ድንጋይና በሥሩ ተቃጥሎ የቀረ ሸክላ አፈር አብረው ከዛሬው አቅጣጫ ተቃራኒ ሆነው አገኛቸውና የመሬት ማግኔት አንድ ጊዜ ተገልብጦ እንደ ነበር ገመተ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በፓሪስ ኤሚል ቴሊየ የተተኰሱ ሸክላዎችንና ጡቦችን እየሰበሰበ በትዕግሥት ለካ። ሸክላው የያዘው አቅጣጫ ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይናወጥ መኖሩ፥ በሙቀት ግን ደረጃ በደረጃ መፈታቱ፥ ማብራሪያ የሚሻ ነገር ሆነ።

ኔል ለዚህ ማብራሪያ ለመስጠት በ1949 ስለ ደቃቅ ቅንጣቶች የጻፈው ጥናት በርእሱ ላይ የተተኰሰ ሸክላን ስም ይዟል። ዛሬ ኤሌክትሮኒክስና ሕክምና የሚመረኰዙበት ሕግ መነሻው የሸክላ ስብርባሪ መሆኑን ስናነብ እኛ እጅግ ተደንቀናል።

ሕጉ በቀላል አነጋገር እንዲህ ነው። ነጠላ ግዛት የሆነ ቅንጣት ሊያርፍባቸው የሚወድዳቸው ሁለት አቅጣጫዎች አሉት። ሁለቱን በሁለት ሸለቆ፥ በመካከላቸው ያለውን እንቅፋት በተረተር እንመስለው። የተረተሩ ከፍታ በቅንጣቱ ይዘት መጠን ይጨምራል። የአካባቢው ሙቀት ደግሞ ቅንጣቱን ሁልጊዜ ይነቀንቀዋል። ተረተሩ ዝቅተኛ ሲሆን ቅንጣቱ ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ይመላለሳል፤ ከፍተኛ ሲሆን ባለበት ይቀራል። የመመላለሻው ጊዜ ከተረተሩ ከፍታ ጋራ የሚያድገው በመደመር አይደለም፤ በመባዛት ነው እንጂ። ሁሉ ነገር የሚመጣው ከዚህ ነው።

ይህን በቍጥር ለማየት እኛ ራሳችን ለማግኔታይት አሰላነው። ለአንድ ሜትር ኩብ የተረተሩን ከፍታ 12,000 ጁል፥ ሙቀቱን የክፍል ሙቀት፥ የመነሻውን ጊዜ የሰኮንድ ቢሊዮንኛ አድርገን ወሰድን። ቅንጣቱንም ክብ ነው አልን። ዲያሜትሩ 20 ናኖሜትር ቢሆን የመመላለሻው ጊዜ ከሰኮንድ ሺሕኛ ያነሰ ነው። 25 ናኖሜትር ቢሆን 20 ሰኮንድ ያህል ይሆናል። 30 ናኖሜትር ቢሆን 20 ዓመት ያህል ይሆናል። 35 ናኖሜትር ቢሆን ግን በመቶ ቢሊዮን የሚቈጠሩ ዓመታት ይሆንና ከዓለም ዕድሜ ይበልጣል። ከ20 እስከ 35 ያለው ልዩነት 15 ናኖሜትር ብቻ ነው፤ በዚህች ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ከመርሳት ወደ ዘላለማዊ ትዝታ እንሻገራለን።

ከዚህ የሚከተለው ነገር አሳብን የሚያናውጥ ነው። ባለ 25 ናኖሜትር ቅንጣት ማግኔት ነውን? ብለን ብንጠይቅ፥ መልሱ በምንለካበት ሰዓት ላይ ይመረኰዛል። በአንድ ሰኮንድ ለሚለካ ሰው ማግኔት ነው፤ በአንድ ሰዓት ለሚለካ ሰው አይደለም። እንደዚሁም ቅንጣቱን ብናቀዘቅዘው ይጸናል፤ ብናሞቀው ይፈታል። ይህን ጠባይ ቢንና ሊቪንግስተን የተባሉ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መርማሪዎች በ1959 ባወጡት ጽሑፍ ሱፐርፓራማግኔትነት በሚለው ስም ዘርዝረው አስረዱ። ትርጕሙም ቅንጣቱ በውስጡ ብዙ ሺሕ አቶሞች እንደ አንድ ሰው ሆነው ስለሚንቀሳቀሱ፥ ማግኔት ሲቀርብለት በኃይል ይሳባል፤ ሲርቅበት ግን ምንም ኃይል አያስቀርም ማለት ነው።

ይህ ሕግ አገራችንንም የሚመለከት ነው። የሰሜን ኢትዮጵያን ደጋ የሸፈነው ጥቁር ድንጋይ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈስሶ የረጋ ሲሆን፥ በውስጡ ያሉት የብረትና የቲታኒየም ኦክሳይድ ቅንጣቶች የዚያን ዘመን አቅጣጫ እስከ ዛሬ ይዘዋል። መርማሪዎች በሊማሊሞ ገደል ድንጋዩን ከሥር እስከ ላይ ደረጃ በደረጃ ለክተው የመሬት ማግኔት የተገለባበጠበትን ቅደም ተከተል አንብበዋል። በኦሞና በሐዳር የተገኙት የጥንት ሰው ዘር አጥንቶች ዕድሜ በተወሰነበትም ሥራ ይኸው የመገለባበጥ መዝገብ ከእሳተ ገሞራው አመድ ምርመራ ጋራ ረድቷል። የመጨረሻው መገለባበጥ የተፈጸመው ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ቅንጣቶቹ ከጠባቧ መተላለፊያ ወዲያ ማዶ ባይሆኑ ኖሮ ይህ ሁሉ ታሪክ ተፍቆ በጠፋ ነበር።

፬. ሠሪው

አሁን ወደ ሁለተኛው እጅ እንመጣለን። ከላይ ያለውን ስሌት ያስተዋለ ሰው የሠሪውን ችግር ወዲያው ይረዳዋል። በአንድ ዱቄት ውስጥ ከ20 እስከ 35 ናኖሜትር ያሉ ቅንጣቶች ተደባልቀው ቢገኙ፥ ግማሹ በሰኮንድ ሺሕኛ የሚረሳ፥ ግማሹ ለዘላለም የሚያስታውስ ነው። እንዲህ ያለውን ድብልቅ የሚለካ መሣሪያ የሚሰጠው የድብልቁን አማካይ እንጂ የቅንጣትን ጠባይ አይደለም። ሳይመን ፎነር በ1950ዎቹ የሠራው ናሙናን እያንቀጠቀጠ የሚለካ ማግኔቶሜትር፥ ከ1960ዎቹ በኋላ የመጣውም ስኩዊድ የሚባለው እጅግ ስሜተኛ መሣሪያ፥ የተደባለቀ ዱቄት ቢሰጣቸው የሚመልሱት የተደባለቀ መልስ ነው። ስለዚህ እኩል ቅንጣት መሥራት የሳይንሱ ራሱ ግማሽ አካል ነበር።

የመጀመሪያው መንገድ መፍጨት ነው። በ1963 በአሜሪካ የጠፈር መሥሪያ ቤት በናሳ ይሠራ የነበረው ስቲቨን ፓፔል፥ ክብደት በሌለበት ጠፈር ውስጥ የሮኬትን ነዳጅ በማግኔት ለመሳብ አስቦ፥ ማግኔታይትን ከኬሮሲንና ከኦሌይክ አሲድ ጋራ ለረጅም ጊዜ ፈጨው። ኦሌይክ አሲድ በወይራ ዘይት ውስጥ በብዛት የሚገኝ ቅባት ነው፤ እያንዳንዱን ቅንጣት ከብቦ እርስ በርስ እንዳይጣበቅ ይከለክለዋል። ከዚህም ማግኔት ሲቀርብለት ተነሥቶ የሚቆም ጥቁር ፈሳሽ ተገኘ። ነገር ግን የተፈጨ ነገር መቼም እኩል አይሆንም፤ ወፍጮ የተመለከተ ሁሉ ይህን ያውቃል።

ሁለተኛው መንገድ ማዝቀጥ ነው፤ ኤልሞር የተጠቀመበት ይህ ነው። በ1981 በፓሪስ ማሳር የተባለው ኬሚስት ያለ ቅባት፥ በኤሌክትሪክ መገፋፋት ብቻ፥ ቅንጣቶቹ በውሃ ውስጥ ተበትነው እንዲኖሩ የሚያደርግ አሠራር አወጣ። መንገዱ ርካሽና ቀላል ነው። ጕድለቱ ግን አልካሊው ገና ሲጨመር አንዳንዱ ቅንጣት ቀድሞ ተወልዶ ሲያድግ ሌላው ኋላ ስለሚወለድ ታላቅና ታናሽ መደባለቃቸው ነው።

ለዚህ የሚሆን መፍትሔ በሌላ ቤት ተቀምጦ ነበር። በ1950 ላመርና ዲንጋር በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሰልፈር ቅንጣቶች ሲያጠኑ፥ ቅንጣቶች እኩል እንዲሆኑ ሁሉም በአንድ ቅጽበት መወለድ፥ ከዚያም አዲስ ሳይወለድ ማደግ ብቻ እንዳለባቸው አስረድተው ነበር። ይህን ምክር በብረት ኦክሳይድ ላይ በሚገባ ለመፈጸም ግማሽ መቶ ዓመት ወሰደ። በ2002 በአይቢኤም ሱንና ዜንግ፥ ብረት ያለበትን ኦርጋኒክ ውሕድ ውሃ በሌለበት ፈሳሽ ውስጥ ከኦሌይክ አሲድ ጋራ አሙቀው ማግኔታይትን ከ4 እስከ 20 ናኖሜትር በፈለጉት ልክ ሠሩ። በ2004 ደግሞ በሴኡል ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ህየን ከባልደረቦቹ ጋራ ይህን ሥራ ከውድነት አወጣው። ከብረት ክሎራይድና ከሶዲየም ኦሊኤት ተነሥቶ፥ ውሕዱን ቀስ በቀስ እስከ 320 ዲግሪ በማሞቅ፥ በአንድ ጊዜ 40 ግራም እኩል ክሪስታሎች አገኘ። ሶዲየም ኦሊኤት ሌላ አይደለም፤ የሳሙና ዓይነት ነው። ከሳሙናና ከብረት ጨው የዘመኑ ምርጥ ክሪስታል ተሠራ ማለት ነው።

አስሊውም በበኩሉ አልተኛም ነበር። በ1997 በዚያው በኔል ከተማ በግረኖብል ቨርንስዶርፈርና ጓደኞቹ አንዲት ነጠላ የኮባልት ቅንጣት ለይተው ለመለካት በቅተው የኔልን ሕግ በአንዲቱ ላይ አረጋገጡ። እንግዲህ ሁለት መንገድ ተከፈተ፤ አንዲቱን ለይቶ መለካት፥ ወይም ሁሉን እንደ አንዲቱ አድርጎ መሥራት።

እኩል ክሪስታል ሲገኝ ቲዎሪው ያላሰበውም ተገለጠ። ቅንጣቱ ሲያንስ በገጽ ላይ የሚገኙት አቶሞች ድርሻ ይበዛል። የገጹ አቶሞች ደግሞ ጐረቤት ስለሚጐድላቸው እንደ ውስጦቹ በትክክል አይሰለፉም፤ ይህንንም ኮይ በ1971 በደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ላይ አመልክቶ ነበር። ስለዚህ ትንሹ ክሪስታል በክብደቱ ልክ ሲመዘን ከትልቁ ድንጋይ ያነሰ ማግኔትነት አለው። የአሠራሩ ጥራትም ይህን ጕድለት ያበዛዋል ወይም ያሳንሰዋል።

በመጨረሻ ሰው ከደረሰበት አስቀድሞ የደረሰ ሌላ ሠሪ መኖሩን መጥቀስ ይገባል። በ1975 ብሌክሞር በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ረግረግ ጭቃ ውስጥ ወደ ማግኔት አቅጣጫ የሚዋኙ ባክቴሪያዎች ማግኘቱን አስታወቀ። በ1979 በሰውነታቸው ውስጥ ያለው ማግኔታይት መሆኑ ታወቀ፤ ክሪስታሎቹም እንደ መቍጠሪያ በመሥመር የተደረደሩ ናቸው። ስፋታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ40 እስከ 50 ናኖሜትር ያህል ነው። ወደ ስሌታችን ብንመለስ ይህ ልክ ከጠባቧ መተላለፊያ በላይ፥ ነገር ግን ቅንጣቱ ወደ ብዙ ግዛት ከሚከፋፈልበት በታች ነው። ለኮምፓስ የሚስማማው ልክ ይህ ብቻ ነው።

፭. የራሳችን ሙከራ

ታሪኩን ካነበብን በኋላ የኤልሞርን መንገድ በቤተ ሙከራ ልንሞክረው ተነሣን። ባለ ሁለት ቫሌንስ የሆነ የብረት ሰልፌት አንድ እጅ፥ ባለ ሦስት ቫሌንስ የሆነ የብረት ክሎራይድ ሁለት እጅ በአቶም ቍጥር አስልተን አሟሟን፤ አሞኒያም ጨመርን። በመጽሐፍ የተጻፈው ጥቁር ዝቃጭ እንደሚወጣ ነበር፤ የወጣልን ግን እንደ ቀይ አፈር ያለ ቡናማ ጭቃ ነው። ማግኔት ብናስጠጋለት አልተንቀሳቀሰም። ጥፋቱ የእኛ ነበር። ሰልፌቱ ቆይቶ በከፊል የዛገ መሆኑን ከመልኩ መረዳት ሲገባን ዝም ብለን መዘንነው፤ ውሃውንም አላፈላነውምና በውስጡ የነበረው አየር የቀረውን አዛገው።

በሁለተኛው ጊዜ ንጹሕ አረንጓዴ የሆነውን ሰልፌት መርጠን፥ ውሃውን አፍልተን በተከደነ ዕቃ አቀዝቅዘን፥ አሞኒያውን እያማሰልን ጨመርን። በቅጽበት እንደ ቀለም የጠቈረ ዝቃጭ ወጣ፤ ከጠርሙሱ ውጭ ማግኔት ብናስጠጋ ዝቃጩ ሁሉ ወደ አንድ ጐን ተሰበሰበ። ማግኔቱን ስናርቀውና ስናናውጠው መልሶ ተበተነ። ማግኔቱንም በሚዛን ላይ አኑረን የደረቀውን ዱቄት በላዩ በማንጠልጠል፥ የሚዛኑን ለውጥ በማንበብ፥ የሁለቱን ዝቃጮች መሳብ አስተያየን። ጥቁሩ በግልጽ በለጠ። ዱቄቱ በክፍት ዕቃ ሲቆይ ከሳምንት በኋላ ወደ ቡናማ አዘነበለ፤ ማግኔትነቱ ግን አልጠፋም፤ ማግኔታይት ሲዝግ ማግሄማይት የሚባለው ሌላ ማግኔታዊ ኦክሳይድ ይሆናልና።

ሚዛናችን የቅንጣቶቹን ስፋት ሊነግረን አይችልም፤ ለዚያ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። ነገር ግን ይህ ትንሽ ሙከራ አንድ ነገር አስተማረን። የኔልን ሕግ በወረቀት ላይ ለመከተል አንድ ማታ በቃን፤ ሳይዝግ የወጣ ጥቁር ዝቃጭ ለማግኘት ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብን።

፮. ስለ ጥቅሙ በአጭሩ

በ1957 ጊልክሪስትና ባልደረቦቹ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶችን በተለዋዋጭ ማግኔት በማሞቅ የካንሰር ሕዋሳት የሚደርሱባቸውን ዕጢዎች ለማከም ሐሳብ አቀረቡ። በ1996 በአሜሪካ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት የጕበትን ፎቶግራፍ በኤም አር አይ ለማጥራት እንዲያገለግል ተፈቀደ፤ ይህ መድኃኒት ኋላ ከገበያ ወጥቷል። በ2009 የተፈቀደው ሌላው ዓይነት ግን ለደም ማነስ ሕክምና ይሰጣል። በ2006 ደግሞ በሂዩስተን በራይስ ዩኒቨርሲቲ 12 ናኖሜትር ያህል ስፋት ያላቸው የማግኔታይት ክሪስታሎች አርሴኒክ የሚባለውን መርዝ ከውሃ ውስጥ ይዘው በቀላል ማግኔት ተሰብስበው እንደሚወጡ ታየ። ከእነዚህ ሥራዎች በብዙዎቹ የሚፈለገው ሲጠሩት የሚመጣ፥ ሲለቁት የሚበተን ቅንጣት ነው፤ ማለት የሚረሳ ቅንጣት ነው። በሸክላና በድምፅ ክር ውስጥ ግን የሚፈለገው የሚያስታውስ ቅንጣት ነው። አንዱን ከሌላው የሚለየው በናኖሜትር የሚቈጠር ልክ ስለ ሆነ፥ ልኩን የሚጠብቅ ሠሪ የግድ ያስፈልጋል።

ማጠቃለያ

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው የሳይንሱ ነው፤ መጠን ጠባይን ይለውጣል፤ ማግኔት ቢሰበር ማግኔት ይሆናል የሚለውም ቃል ወሰን አለው።

ሁለተኛው የእኛ የተማሪዎች ነው። ፍሬንከልና ዶርፍማን ነጠላውን ግዛት በ1930 አሰቡ፤ ኔል ሕጉን በ1949 ጻፈ፤ እኩል ክሪስታል በፈለጉት ልክ የተሠራው በ2002ና በ2004 ነው። በመካከሉ ያለው ዘመን የሥራ ፈትነት ዘመን አልነበረም። ፈጭተው፥ አዝቅጠው፥ አሙቀው፥ አጥበው፥ ደግመው የሠሩ ሰዎች ዘመን ነበር። በአገራችን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ለረጅም ዘመን ሲናቁና ቡዳ እየተባሉ ሲሰደቡ ኖረዋል፤ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ መከልከላቸውም ንቀቱ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበር ያሳያል። ይህ ንቀት በእኛ በተማሪዎች ዘንድ መልኩን ለውጦ ይገኛል። ሕጉን በሰሌዳ ላይ የሚያወጣውን ሊቅ እንለዋለን፤ ብልቃጥ የሚያጥበውንና ዝቃጭ የሚጠብቀውን ግን እንደ ረዳት እንቈጥረዋለን። እኛም ይህን ሙከራ ከመጀመራችን በፊት እንደዚሁ እናስብ እንደ ነበር አንሰውርም።

ነገር ግን ኔልን ወደ ሕጉ ያመጣው የተተኰሰ ሸክላ ነው፤ ቲዎሪውን በአደባባይ ለመመርመር ያበቃውም በሳሙናና በብረት ጨው የተሠራ ዱቄት ነው። ስለዚህ በመጪው የትምህርት ዓመት በቤተ ሙከራ ሰዓት ተማሪው የለካውን ቍጥር ብቻ ሳይሆን የሠራውን ናሙና፥ የተበላሸበትንም ጭምር፥ አቅርቦ እንዲጠየቅበት ለመምህራኖቻችን ሐሳብ እናቀርባለን። የእኛን ቡናማ ጭቃ በጠርሙስ አሽገን፥ ስሙንና ቀኑን ጽፈን፥ ከጥቁሩ አጠገብ በመደርደሪያው ላይ አኑረነዋል።